ሚጣ የተወችው ካፕሱል

ሰኞ 1

ዛሬም ዘነበ። ልብሱ አልደርቅ ብሎ ከጓዳው እስከ መደርደሪያው ድረስ ሰቅለነዋል፤ ደንበኛ ሲገባ የሰው ሱሪ በእጁ ገልጦ ነው የሚያየኝ። ሦስት ሰዎች ተቆጥተው ሄዱ። አንዱን "ዝናቡን እኔ አላዘዝኩት" አልኩት። አጉል ተናገርኩ፣ የድሮ ደንበኛ ነው።

ሚጣ አርፍዳ መጣች፣ ያውም እየሳቀች። ታናሽ እህቴ ናት፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል፣ ያ የሕፃንነት ስም ግን እስካሁን አልለቀቃትም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ጆሮዬ ስር ገባችና "እትዬ፣ ወጣት ሆንኩልሽ!" አለችኝ።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"መጣ! ሁለት ዓመት ጠፍቶ የከረመው መጣ። ባሌን ተጠንቀቅ ልለው ነው፣ ገና መንታ እወልድለታለሁ።"

እኔም ሳቅሁ። እሷ ስትስቅ ዝም ማለት አልችልበትም። ከዚያ እሷ ወደ መተኮሻው፣ እኔ ወደ ደንበኞቹ ሄድን። ሁለታችንም ካረጥን ወዲህ ላብ በላብ ስንሆን ከካውያው ይሁን ከውስጣችን ማንም አይለይም፤ ሚጣ "ላረጠች ሴት ከላውንድሪ የተሻለ መደበቂያ የለም" ትላለች።

ማታ ላይ ነው ነገሩ የከነከነኝ። እኔ ጠዋት ጠዋት ክንዴ ላይ የምቀባው የኤስትሮጅን ጄል አለኝ፣ እሱ ብቻ። ለሚጣ ሐኪሟ ሁለት ነበር ያዘዘችላት፤ ዳሌዋ ላይ የሚለጠፍ ኤስትሮጅን፣ ማታ ደግሞ የሚዋጥ ፕሮጄስትሮን የሚባል ካፕሱል። ካፕሱሉን በበጋው መግቢያ ተወችው። ተይው ያልኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ በኮት መጣ። የፊት ለፊቱ ልብስ ሰፊ ለአንድ ጠበቃ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለመጨረሻ ተኩስ አምጥቶልን ነበር። ሚጣ አምሽታ እራቷን በልታ፣ ካፕሱሉን በላዩ ውጣ፣ ጠዋት እየተንገዳገደች ገባች። ከላይ የሚነጠፈውን እርጥብ ጨርቅ ሳታነጥፍ ካውያውን አሳረፈችና አንቀላፋች። ቆማ! የጠራኝ ሽታው ነው። የካውያው ቅርጽ ከነሹል ጫፉ ኮቱ ጀርባ ላይ ቀረ። ያኔ በንዴት "ያንን የእንቅልፍ ኪኒን ወዲያ በይው! እኔ እወስዳለሁ? አልወስድም። ምን ሆንኩ?" አልኳት። "እውነትሽን ነው፣ አንቺማ ብረት ነሽ" አለችና ተወችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ልብስ አላቃጠለችም፤ እኔም ትክክል ነበርኩ ብዬ ስኩራራ ከረምኩ።

ሐሙስ 4

ጄሌ አልቆ ፋርማሲ ሄድኩ። ከፊቴ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ካፕሱል ይዛ ፋርማሲስቷን ታማርራለች። ያዞረኛል፣ ጠዋት መነሳት አቃተኝ፣ ልተወው ነው ትላለች። ሚጣን የሰማሁ መሰለኝና ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

ፋርማሲስቷ ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የአሮጊት ነው። "እንዴት ነው የሚወስዱት?" አለቻት።

"እራቴን በልቼ፣ ልተኛ ስል።"

"እራትዎን ቀደም አድርገው ይብሉ፣ ሆድዎ ቀለል ሲል ደግሞ በጊዜ ይዋጡትና ይተኙ። ምግብ ላይ ሲያርፍ ይበረታል። በዚህም ካልተስማማዎት ሐኪምዎን ያማክሩ። አንዳንድ ሐኪም ይህንኑ ካፕሱል ከታች በኩል እንዲገባ ያዛል፤ ድብታው ይቀንሳል፣ ፈሳሹ ግን ያሰለቻል። ሉፕም አለ፤ ማህፀን ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቆያል፣ በየማታው ዋጥኩ አልዋጥኩ የለም። ከወሩ የተወሰነውን ቀን ብቻ መውሰድም አለ፤ እሱ ደም ያመጣል።"

"ጎረቤቴ እኮ በክሬም ነው። ትቀባለች፣ አለቀ።"

"ክሬሙን አይመኑት እናቴ። በቆዳ አልፎ ማህፀን የሚጠብቅ ያህል አይደርስም። መንገዱን መምረጥ ይችላሉ፣ መተው ግን አይችሉም። ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሆን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል፤ ደም ይመጣል፣ ውሎ ሲያድር ወደ ክፉውም ሊሄድ ይችላል። ማህፀን እስካለዎት ድረስ ሁለቱ አይነጣጠሉም።"

መስታወቱን ተደግፌ ቆምኩ።

ተራዬ ሲደርስ ወረቀቴን አየችና "ሁለተኛው የለም?" አለችኝ።

"እኔ አያስፈልገኝም።"

"አሃ፣ ማህፀንዎ ወጥቶ ነው" አለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ። ጃንጥላዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ፣ ዝናብ ሲመታኝ ነው ትዝ ያለኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው። እኔ ማህፀን የለኝም። ሚጣ አላት። ሚጣ ደግሞ የኔ እንደሌለ አታውቅም።

ቅዳሜ 6

ሥራ በሥራ። የሆቴሉ አንሶላ በጆንያ በጆንያ መጣ። ልነግራት ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ደንበኛ ገባ። አንዴ ማንም አልገባም።

ደሙ ጨምሯል። "ሊወጣ ያለው ይውጣ፣ እረፍት ነው" ትላለች። ፊቷ ገርጥቷል። ጉበት ብዪ አልኳት። ጉበት!

ልብስ ሰፊው ጃንጥላዬን ከፋርማሲ ይዞልኝ መጣ። የኔ መሆኑን በምን አወቀ? ለካስ ማሰሪያውን የሰፋልኝ እሱ ነው፣ ረስቼው። አመሰግናለሁ ብዬ በር ላይ ሸኘሁት፣ ግባ እንኳ አላልኩትም። ሚጣ ከጓዳ ሆና "ይህን ሰው በቁሙ ገደልሽው" አለች።

እሑድ 7፣ ማታ

እንነግራታለን ብለን ብንነሳ ከየት እንጀምራለን? "እንነግራታለን" ብዬ ጻፍኩ፤ ከማን ጋር ነው የምነግራት?

ሰባት ዓመት አለፈው። እጢው ብዙ ነበር፣ ደሙ አላባራ አለ፣ ሐኪሙ ማህፀኑን ማውጣት ነው አለ። ለሚጣ ሌላ ከተማ ሄጄ ያገለገለ የእንፋሎት መተኮሻ ልገዛ ነው አልኳት። መተኮሻውንም ገዛሁት፣ ፍጹም ውሸት እንዳይሆንብኝ። ስመለስ ጎንበስ ብዬ ስራመድ አይታ ደነገጠች። "ትርፍ አንጀቴ ሊፈነዳ ሲል ደረሱልኝ" አልኳት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፣ "እዚያ ሰው አገር ብትሞቺብኝስ!" እያለች። ያ መተኮሻ ይኸው ዛሬም ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ የምትቆምበት እሷ ናት።

ለምን እንደደበቅኩ ለራሴም አጥርቼ መናገር አልችልም። ሚጣ ሦስት ወልዳለች። እኔ ባል አግብቼ ፈታሁ፣ ልጅ አላገኘሁም። እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም ነበር፤ "አንቺማ ገና ነሽ፣ በአርባ ሰባቷ የወለደች ሰምቻለሁ" ትለኝ ነበር። ያንን ተስፋ እንዴት እቆርጣለሁ? የሷን ተስፋ ነው የምለው፣ የኔን አይደለም።

ልብስ ሰፊው ያኔ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነበር። ላግባሽ ብሎኝ ነበር፣ ላስብበት ብዬው ነበር። አንድ ቀን ኮት እየለካ ለደንበኛው "ልጅ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው" ሲል ሰማሁት። ለኔ አይደለም ያለው፣ ለደንበኛው ነው። ከሆስፒታል መልስ እንቢ አልኩት። ያ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ምን አመጣው።

ጄሉን ያዘዘችልኝ ሐኪም "ለእርስዎ አንዱ ይበቃል" ነው ያለችኝ። ምክንያቱን ነግራኝ ይሆናል፣ ልብ አላልኩትም። ከሚጣ ይልቅ ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማክሰኞ 9

ዛሬ ሞከርኩ። አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን እያጠፍን ሳለ "ፋርማሲስቷ ያንን ካፕሱል ጀምሪ ብላሻለች" አልኳት።

"እኔን የት አውቃኝ?"

"ስላንቺ ነግሬያት።"

"አንቺስ? አንቺም ጀምሪ አለችሽ?"

"እኔ ሌላ ነኝ።"

"ደግሞ ምንሽ ነው ሌላ? አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ካውያ።" አንሶላውን ሳብ አድርጋ ከእጄ ወሰደችው። "ተይኝ እትዬ። እንደገና የሰው ኮት አቃጥዬ እንድትጮሂብኝ ነው? አንቺ ስትጀምሪ እኔም እጀምራለሁ።"

"እንግዲያው ሐኪም ዘንድ ሂጂ።"

"በዚህ ዝናብ? በዚህ ሥራ? ክረምቱ ይውጣ።"

ጎትቼ መውሰድ ነበረብኝ። አልጎተትኳትም። ሐኪም ዘንድ ከሄደች መጠየቋ አይቀርም፣ ከተጠየቀች የኔን ስም ማንሳቷ አይቀርም። "እሺ፣ ይውጣ" አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ላለው ነው፤ አሁን ግን ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አውቄ ነው።

ነግራኛለች። ጄሉን ያዘዘችልኝ ሐኪሜ ነግራኛለች። "ማህፀንዎ ስለወጣ ፕሮጄስትሮን አያስፈልግዎትም" አለችኝ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ። ሚጣን ተይው ስላት ይህ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ብቻ ነው የጠፋኝ።

ዓርብ 12

ሚጣ ወደቀች። ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ኮሌታውን ጨርሳ እጅጌውን ስትዘረጋ። እንደ መቀመጥ ብላ ወረደች። የተቀመጠችበት የልብስ ቅርጫት በደም ራሰ።

ባሏ ሾፌር ነው፤ እንደ ዕድል ቅርብ ነበርና መጥቶ ይዟት ሄደ። "እትዬ አይመጡም?" አለኝ። ሱቁን የሚጠብቅ ያስፈልጋል አልኩት። በእንዲህ ያለ ቀን ሱቅ!

ሸሚዙን እኔ ጨረስኩት። ካውያው ከተሰካበት እንኳ አልተነቀለም ነበር።

ቅዳሜ 13

ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና ሚጣ ራሷ ገባች። ተኝታ መዋል የነበረባት ሴት! ባሏ ከኋላዋ "እምቢ አለችኝ" በሚል ዓይነት ትከሻውን ይነቀንቃል።

በአልትራሳውንድ ታይቷል፣ ግድግዳው ወፍሯል። ናሙና ወስደውላታል፣ ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። "ቆንጥጦ የሚያወጣ ነገር ነው፣ ሦስት ልጅ ስወልድ እንዲህ አልጮህኩም" አለች። እስከዚያ ልጣፊውን አውልቃ ካፕሱሉን እንድትወስድ አዘዋታል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ቁጭ ሳትል ነው።

"አሁን ስሚኝ" አለች። "ሐኪሟ 'ካፕሱሉን ማን ተይው አለሽ?' አለችኝ። 'ማንም፣ እህቴ አትወስድም፣ ምንም አልሆነችም' አልኳት። እትዬ፣ ፊቷን ብታዪው! 'እህትሽን ዛሬ ነገ ሳትዪ ይዘሻት ነይ፣ እሷም ላይ ሊደርስ ይችላል' አለችኝ። ለሰኞ ሳምንት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ።"

የያዝኩትን ሸሚዝ አጥፌ እንደገና ዘረጋሁት።

"አትፍሪ፣ አብሬሽ እገባለሁ። 'ለሷም ካፕሱል እዘዢላት' ብላት 'ሳላያት አላዝም' አለችኝ፣ ሕጓ ነው። ስለዚህ ከኔው አካፈልኩሽ።" ከልብስ ላይ የወለቁ ቁልፎች የምናጠራቅምባትን ቆርቆሮ አነሳች፣ ቁልፎቹን መደርደሪያው ላይ ገለበጠቻቸውና ካፕሱሎቿን ከወረቀት ፈትታ አስገባችልኝ። "ዛሬ ማታ ትጀምሪያለሽ። እራት ቀደም አድርገሽ ብዪ፣ በጊዜ ዋጪና ተኚ። ይኸው ነው ዘዴው፣ ያኔ ማንም አልነገረኝም እንጂ ኮቱም ባልተቃጠለ።"

የማንን ሞት የምትፈራ ይመስላችኋል? የኔን።

"እሺ" አልኳት። ቆርቆሮዋን ተቀበልኩ። እጄ ይቆረጥ።

እሑድ 14፣ ማታ

ስልክ ጮኸ። "ዋጥሽ?" አለች። "ዋጥኩ" አልኩ። "ጎሽ፣ ተኚ።"

ረቡዕ 17

በየማታው ትደውላለች። ዋጥሽ፣ ዋጥኩ። ትናንት ደግሞ "አንቺንም ያዞርሻል?" አለችኝ። "ትንሽ" አልኩ። ውሸት ሲሠለጥን እንዲህ ነው።

የትኛው መንገድ ይሻላል እያለች ታወዳድራለች፣ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት። "ከታች የሚገባው አይጥመኝም፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ መሆን የልብሱ ይበቃኛል። በወር ጥቂት ቀን የሚባለውንም ተይው፣ ደም ጠግቤያለሁ። እኔ ሉፕ ሳይሻለኝ አይቀርም። አንቺስ? አብረን እናስገባ፣ ለሁለት ሲሆን ቅናሽ ያደርጉልን ይሆናል።" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ሐሙስ 18

ልብስ ሰፊው ሁለት ሱሪ ይዞ መጣ። ሰው ሲኖር "እርስዎ" ይለኛል፣ ሰው ሲወጣ "አንቺ"። "እህትሽ ምን ሆና ነው?" አለ። ደም አነሳት አልኩት።

"የሚያስፈልግ ነገር ካለ ጥሪኝ።"

"ምንም አያስፈልግም።"

"አንቺ ሁሌም ምንም አያስፈልግሽም" አለ፣ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያው ሱሪዎቹን እያስተካከለ። ቀጥሎም "ያኔ ምን እንዳጠፋሁ ብትነግሪኝ ኖሮ በወደድኩ" አለኝ። ሱሪዎቹ ቅዳሜ ይደርሳሉ አልኩት።

እሑድ 21

የሚጣ ባል ለብቻው መጣ። ቆሞ ባርኔጣውን ያገላብጣል።

"እትዬ፣ እሱ ነገረኝ እንዳይሏት። እሷ ካፕሱሉን አንድ ቀን እየዘለለች ነው የምትወስደው። ፋርማሲው ጋ አልቋል፣ መቼ እንደሚገባ አይታወቅም አሉን። 'እኔን ሐኪም አይቶኛል፣ እትዬ ገና አልታየችም፣ የሷ አይቋረጥ' ትላለች። እርስዎ ይምከሯት።"

ከሄደ በኋላ ቆርቆሮዋን ከፈትኳት። ሁሉም አሉ፣ አንዷም አልተነካችም። እሷ እየተራበች እኔ ደብቄ የማስቀምጠው እህል ሆኗል። አንዴ ተይው ብዬ አስቀረሁባት፣ አሁን ደግሞ ዝም ብዬ።

ነገ ቀጠሮው ነው። ማታ ስትደውል "ዋጥሽ?" ስትለኝ "አንቺስ?" አልኳት። "እንዴታ!" አለች። ሁለት ውሸታሞች ተሰናበትን።

ሰኞ 22

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሚጣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ፊት ለፊታችን አንዲት ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር ብርቱካን ትልጣለች። ሚጣ እጄን ይዛ "አትጨነቂ፣ አያምም፣ አልትራሳውንዱ ቀዝቃዛ ቅባት ብቻ ነው" ትለኛለች።

"ሚጣ፣ እኔ ማህፀን የለኝም" አልኳት።

ሳቀች። "አይዞሽ፣ ሁላችንም አርጅተናል።"

"የለኝም። ወጥቷል። ትርፍ አንጀት ያልኩሽ ጊዜ። ካፕሱሉ የማያስፈልገኝ ለዚያ ነው። አንቺን ተይው ስልሽም አውቅ ነበር፤ ማለቴ፣ ነግረውኝ ነበር።"

ቆርቆሮዋን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጭኗ ላይ አስቀመጥኳት። ከፈተቻት። ካፕሱሎቹን በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ አየች።

"ዋጥኩ ስትዪኝ የነበረው?"

"አልዋጥኩም።"

"አንዷንም?"

"አንዷንም።"

እንድትጮህብኝ ፈለግኩ። ብትመታኝም ግድ አልነበረኝም። ሚጣ ቆርቆሮዋን ከደነች፣ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ቀሚሷን ከኋላ አስተካከለችና በዚያ ረጅም ኮሪደር ሄደች። ነርሷ ወጥታ ስሜን ጠራች። "ታማሚዋ ሄዳለች" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

ረቡዕ 24

አልመጣችም። ትናንትም አልመጣችም። እኔ እተኩሳለሁ፣ እኔ ለደንበኛ እመልሳለሁ። የኮሌታ ጫፍ እንደሷ አይወጣልኝም፣ ሁሌ ይሸበሸብብኛል።

ስልኩ ማታ አልጮኸም። የተበላሸ መስሎኝ አንስቼ አዳመጥኩት፣ ይሠራል።

እኔ እኮ እፍረቴን ነው የጠበቅኩት። ሌላ ምንም አይደለም። ማንም ሊወስድብኝ ያልመጣውን እፍረት ስጠብቅ የእህቴን ማህፀን ሜዳ ላይ ተውኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የወጋም አይረሳም፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ቅዳሜ 27

ሚጣ መጣች። ካፖርቷን ሰቅላ፣ "ደህና አደርሽ" ብላ ወደ መተኮሻው ሄደች። ብትገላምጠኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ቅጥር ሠራተኛ ነው ያየችኝ። "የሆቴሉ ይቅደም ወይስ የልብስ ሰፊው?" "የልብስ ሰፊው።"

ውጤቱን የነገረችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እንፋሎቱ መሃል ቆማ ነው። ካንሰር አይደለም። ግድግዳው ወፍሯል፣ ሴሎቹ ግን ገና አልከፉም። "ገና" የሚለውን ሐኪሟ ሁለቴ ደግማዋለች። ሉፕ አስገብተውላታል፤ የወፈረውን የሚያሳሳውም፣ ወደፊት የሚጠብቃትም እሱ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ናሙና ይወስዳሉ። ካልሳሳ፣ አለች።

"ካልሳሳስ?"

"ያወጡታል። እንዳንቺ።"

መደርደሪያው ላይ የተበተኑት ቁልፎች እዚያው ነበሩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳላነሳቸው። አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ፣ እጄን የት እንደማደርገው አጥቼ። "ይቅር በዪኝ" አልኩ። የመተኮሻው ክዳን ወርዶ ሲጮህ ሰምታ ይሁን አልሰማች አላወቅኩም። ለመድገም ድፍረት አጣሁ።

ልብስ ሰፊው ሱሪዎቹን ሊወስድ መጣ። የሚጣን ፊት አየ፣ የኔን አየ። ዛሬ ግባ አልኩት። ያኔ ለምን እንቢ እንዳልኩህ አንድ ቀን እነግርሃለሁ፣ ዛሬ ግን አይደለም አልኩት። "እጠብቃለሁ፣ ለምጄዋለሁ" አለ።

እሑድ 28፣ ማታ

ዝናቡ ዛሬ አላመሸም። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

በዚያችው ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ከንግዲህ የምትጠይቀኝ ኪኒን የለም፣ እሷም የምትውጠው የለም። አነሳሁት። አትናገርም፤ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ ከኋላዋ የባሏ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"ሚጣ?"

"ከዚያ ሆስፒታል ስትወጪ ማን መጣልሽ?"

"ማንም።"

"ሻንጣሽንስ ማን ያዘልሽ?"

"እኔው ነኝ።"

"ማህፀኗ የወጣላት ሴት ዕቃ አትሸከምም" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ባሌ መኪና ነበረው እኮ። እኔ እግር ነበረኝ። እንዴት ብቻዬን እሸከማለሁ ትያለሽ?"

ምንም አልነበረም፣ ቀላል ነበር ልላት ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰባት ዓመት ስል የኖርኩት እሱን ነው።

"ከባድ ነበር ሚጣ" አልኳት። "በጣም ከባድ ነበር።"

አለቀሰች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።